አለች ወይስ የለችም

ቴራሺማ ኖቡዎ ግብር ከፍሎ አያውቅም ቢባል ውሸት ነው፤ ግብሩ ግን በእጁ አልፎ አያውቅም። ሳካይዴ ወደብ አጠገብ ባለው የዓሣ መረብ ፋብሪካ ዕድሜውን ሲፈጅ፣ መንግሥት ድርሻውን ከደመወዙ ላይ ቀድሞ ያነሳል፣ የተረፈው ለሚስቱ ለሂሳኮ ይገባል፣ እሷ ደግሞ ከዚያ ላይ ለሲጋራና ለቢራ የምትሆን የኪስ ገንዘብ ቆንጥራ ትሰጠዋለች። በመንግሥትና በሚስቱ መካከል የተዘረጋ ቧንቧ ነበር ማለት ይቻላል። በዚህም ቅር ብሎት አያውቅም። የሚያውቃቸው ደመወዝተኞች ሁሉ የሚኖሩት እንዲሁ ነው።

በአገሩ ዓመቱ የሚያልቀው በታኅሣሥ ነው፤ ያኔ የድርጅቱ ሒሳብ ክፍል የእያንዳንዱን ሠራተኛ ግብር እንደገና ያሰላና በዝቶ የተቆረጠ ካለ ከታኅሣሥ ደመወዝ ጋር ይመልሳል። ከሠራተኛው የሚጠበቀው አንዲት ወረቀት ሞልቶ መመለስ ብቻ ነው። ቴራሺማ እሷንም ሞልቶ አያውቅም። ቤት ወስዶ ለሂሳኮ ይሰጣታል፤ እሷ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አስቀምጣ፣ የኢንሹራንሱን ማስረጃ አጠገቧ ደርድራ ትሞላለች። ወረቀቷ ላይ «የትዳር ጓደኛ» የሚል መስመር አለ፤ ከጎኑ «አለ» እና «የለም» የሚሉ ሁለት ቃላት ተጽፈዋል፤ አንዱን መክበብ ነው። ሂሳኮ በየዓመቱ «አለ»ን ትከብና «ዘንድሮም አለሁ መሰለኝ» ትለዋለች። እሱ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «እሰይ» ይላል። ጨዋታቸው ይኸው ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ፍቅር በአፍ መናገር ሁለቱም አልለመደባቸውም።

በሰኔ ሂሳኮ ቆሽቷ ላይ ክፉ በሽታ ተገኘባት። ቴራሺማ ሊያስታምማት ጊዜው ሳይደርስ ጡረታ ወጣ። እቅፍ አበባ ተሰጠው፣ ጭብጨባ ተደረገለት፣ አበባውን ይዞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄደ። በመስከረም ሞተች።

ከዚያ በኋላ የመጣው የወረቀት መዓት ነው። ማዘጋጃ ቤት፣ ጡረታ ቢሮ፣ ባንክ፣ ስልክ፣ ውሃ፣ ያልሄደበት ቦታ የለም። በሄደበት ሁሉ የሂሳኮን ስም እየሰረዙ፣ አንገታቸውን ደፋ እያደረጉ ሸኙት። ይህን ሁሉ ቻለው፤ ሰራዦቹ ሌሎች ነበሩና። አንዱን ነገር ብቻ ፈራ። ያቺ የግብር ወረቀት ስለ ሂሳኮ አይደለም የምትጠይቀው፤ ስለ እሱ ነው። ሚስት አለህ ወይስ የለህም? መልሱን በገዛ እጁ መክበብ አለበት። ሰው ይስቅብኛል ብሎ ለማንም አልተናገረም፤ ግን «የለም»ን መክበብ እሷን በገዛ እጅ ከቤት እንደ ማስወጣት ሆኖ ታየው፤ አስቦት እንኳ እጁ ይከብደው ነበር።

በታኅሣሥ ልማድ ጎተተው። የኢንሹራንሱን ማስረጃ ፖስታ ውስጥ ከተተ፣ አንድ ካርቶን ጣፋጭ ገዛ፣ ሱፉን ለበሰና ወደ ፋብሪካው ሄደ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሲያየው ተነስቶ እጅ ነሳ፤ ቀጥሎ ግን «እንግዳ» የሚል ባጅ አወጣ።

«ደንብ ነው አለቃ፤ አይቀየሙኝ» አለው።

«ምን እቀየማለሁ፤ እንግዳ ነኝ እኮ» አለና አንገቱ ላይ አጠለቀው። ባጁ ደረቱ ላይ እየተወዛወዘ በዚያ ኮሪደር ሲሄድ የሚያያቸው ፊቶች ግማሾቹ አዲስ ነበሩ።

የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ኒሺዋኪ ይባላል። ጀማሪ ሆኖ ሲገባ ከአለቆች ጋር እንዴት እንደሚጠጣ፣ ሰክሮም እንዴት ይሉኝታውን እንደማይጥል ያስተማረው ቴራሺማ ነው። አሁን ፀጉሩ ሸሽቷል።

«አለቃ! እንዴት ነዎት? ውይ፣ ምነው ከሱ! ምን እየበሉ ነው?»

«ኡዶን» አለ፤ ያንን ወፍራም የስንዴ ፓስታ።

«ጠዋት?»

«ጠዋትም ማታም።»

«ምሳስ?»

«ምሳማ ሽንኩርት እጨምርበታለሁ።»

ሳቁ። ቴራሺማ ጣፋጩን አስቀመጠ፤ ከላዩ ፖስታውን ጨመረ። «የዘንድሮውን አመጣሁልህ። ትንሽ ዘገየሁ መሰለኝ።»

ኒሺዋኪ ፖስታውን አየ፤ ጣፋጩን አየ፤ ተመልሶ ፖስታውን አየ። «አለቃ፣ ይሄን እኮ እኛ አንሠራውም።»

«እንዴት አትሠሩትም? መቼ ነው ሠርታችሁልኝ የማታውቁት?»

«በሰኔ ወጥተዋል አይደል? በዓመቱ መሀል የወጣ ሰው ሒሳቡን ራሱ ግብር ቢሮ ሄዶ ነው የሚያሠራው። የደመወዝዎንና የተቆረጠብዎትን የሚያሳየውን ማስረጃ በሐምሌ በፖስታ ልከንልዎታል። አልደረሰዎትም እንዴ?»

ደርሶታል መሰለው። በሐምሌ የመጣ ፖስታ ሁሉ ሳይከፈት ጫማ ማስቀመጫው ላይ እንደተቆለለ ነው። ያኔ ቤቱ ለልብስ መቀየሪያ ብቻ ነበር የሚያገለግለው።

«ዓመቱን ሙሉ እንደሚሠሩ ተቆጥሮ ነው በየወሩ የተቆረጠብዎት» አለ ኒሺዋኪ። «የሠሩት ግን ግማሹን ነው። ደህና ገንዘብ ይመለስልዎታል። እባክዎ እንዳይተዉት።»

«እዚሁ አይሆንም? ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለህ?»

«አለቃ… ሌሎቹ የድርጅቱ ሰዎች ናቸው።»

ኒሺዋኪ ቃሉ ካፉ እንደወጣ ተጸጸተ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቴራሺማ ምንም እንዳልሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ። «ያቺ ወረቀት ያው ናት? ያ… አለ፣ የለም የሚለው አለባት?»

«አለባት» አለ ኒሺዋኪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የቀብሩ ቀን ጥቁር ለብሶ የመጣ ሰው ነውና ነገሩ ገባው።

ቴራሺማ የመጣበትን ትክክለኛ ምክንያት ያኔ ለራሱ አመነ። ገንዘቡ አልነበረም ያመጣው። ኒሺዋኪ በችኮላ ብድግ አድርጎ ከሌሎቹ መሀል እንዲከብለት ነበር የፈለገው፤ እሱ ሳያይ። ጣፋጩን ትቶ ወጣ። ባጁን ለዘበኛው ሲመልስ «ደግሞ ይምጡ» ተባለ፤ «እመጣለሁ» አለ፤ እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

አዲሱ ዓመት ገባ። በዓሉ ለብቸኛ ሰው መልካም አይደለም፤ ሱቁ ዝግ ነው፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ከየቤቱ የሚሰማው ሳቅ የሌላ ሰው ነው። ቴራሺማ ያንኑ ኡዶኑን ቀቀለ። ሁለት ሳህን አውጥቶ አንዱን መለሰ። ቀን ቀን ቴሌቪዥኑ የሚናገር ድምፅ እንዲኖር ብቻ ይከፈታል። ሦስት ቀን ሙሉ ከሰው ጋር ሳይነጋገር ይከርምና ሱቅ ገብቶ «ፌስታል አልፈልግም» ሲል ድምፁ ተሰንጥቆ ይወጣል።

ዝም የማትለው ጎረቤቱ ኦኩሙራ ናት። ከእሱ በአሥር ዓመት ትበልጣለች፣ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ምላሷ አያድርስ ነው። በሳምንት አንዴ በጨው ያሳደረችውን ራዲሽ በሳህን ይዛ አጥሩ ጋ ትቆማለች።

«አሁንም ግብር ቢሮ አልሄድክም?»

«እሄዳለሁ።»

«እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ! ላም አለኝ በሰማይ። መንግሥት ቸግሮታል ብለህ ልትመጸውተው ነው?»

«ብርዱ ጋብ ይበል ብዬ ነው።»

«ብርዱ! ሂሳኮ ብትኖር እኮ ጆሮህን ይዛ ነበር የምትወስድህ።»

«ሂሳኮ ብትኖርማ ሥራዬንም አልለቅ፣ መሄድም አያሻኝ።»

ኦኩሙራ አጥሩን ተደገፈች። ከዚያ ሳህኑን በአጥሩ ላይ አቀበለችው። «ስማ፤ እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ ስሙን ከበሩ ላይ ለማንሳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ፖስተኛው በእሱ ስም ሰላም እያለኝ። ገንዘቡ ግን አይጠብቅህም፤ መጋቢት አጋማሽ ያበቃል። ተነስና ሂድ። ሳህኔንም መልስ፤ ያለፈውንም አልመለስክም።»

መጋቢት አጋማሽ ሊሞላ ሲል፣ ዝናብ በሚያካፋበት ቀን ሄደ። ከተማው ሁሉ የመጣ ይመስል ነበር። ግብር ቢሮው አዳራሽ ውስጥ ዓሣ አጥማጁ፣ ባለሱቁ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ሁሉም ጃንጥላውን እያንጠባጠበ ተሰልፏል። በር ላይ የተራ ቁጥርና አንድ ወረቀት ይሰጣል፤ ተራ እስኪደርስ እዚያ ከፍ ካለው ጠረጴዛ ጋ ቆሞ መሙላት ነው። ስክሪፕቶዎቹ በክር ታስረዋል።

ስሙን ጻፈ። አድራሻውን ጻፈ። ሥራ የለቀቀበትን ወር ጻፈ። ከዚያ ያቺ መስመር መጣች። አለ፣ የለም።

ስክሪፕቶውን አስቀመጠ። አንዲት ሴት መጥታ ሞልታ ሄደች። አንድ ሽማግሌም እንደዚሁ። ቴራሺማ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሆኖ ቆመ፤ አንዲት ፊደል አልገባችውም። ለምን እንዲህ እሆናለሁ ብሎ በራሱ ተናደደ። ሞታለች፤ አስከሬኗን አይቷል፤ እንደ አገሩ ወግ ከተቃጠለች በኋላ አጥንቷን ከአመዱ ውስጥ በመብያ እንጨት እየለቀመ ማሰሮው ውስጥ የከተተው እሱ ነው። ያን የቻለ እጅ አንድ ክብ መሥራት አቃተው። በመጨረሻ የክሩን ስክሪፕቶ ጎትቶ «የለም»ን ከበበ። ክቡ ጠማማ ሆነ፣ ጫፉም አልገጠመም። ወንበር ላይ ሄዶ ሲቀመጥ ራሱን እንደ ከሐዲ ቆጠረው።

ቁጥሩ ሲጠራ የተቀበለችው ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። በግብር ወቅት ብቻ ከሚቀጠሩት አንዷ ሳትሆን አትቀርም፤ ወንበሯ ላይ የራሷን ትራስ አስቀምጣለች። ደረቷ ላይ «ካጂታኒ» ይላል።

«ብዙ አቆየንዎት» አለች። «በሰኔ ነው ሥራ የለቀቁት? ከዚያ ወዲህ የትም አልሠሩም?»

«የትም። ሚስቴን ላስታምም ነበር የለቀቅሁት።»

ካጂታኒ ወረቀቱን አየች፤ መነጽሯን አደረገች፤ ደግማ አየች። «እዚህ ጋ ግን የትዳር ጓደኛ የለም ብለዋል።»

«ሞታለች።»

«ውይ። ያጽናዎት።» ጎንበስ አለች። «መቼ ነው?»

«በመስከረም።»

«ባለፈው መስከረም?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይሄ ስህተት ነው» ብላ ጠማማዋን ክብ በሁለት መስመር ሰረዘቻት።

ቴራሺማ ደነገጠ። «ስህተት አይደለም። ሞታለች እያልኩዎት።»

«ገብቶኛል፣ አቶ ቴራሺማ። አሁን የምንሠራው ግን ያለፈውን ዓመት ነው። በዓመቱ ውስጥ የሞተች ሚስት ለዚያ ዓመት ሚስት ናት። ከግብሩም ላይ በእሷ ስም ይቀነስልዎታል።»

«እስከ መስከረም ድረስ ማለትዎ ነው?»

«ዓመቱን ሙሉ። ሕጉ በወር አይከፋፍልም።»

«ጥቅምትንም?»

«ጥቅምትንም።»

«ታኅሣሥንም?»

«ታኅሣሥንም» አለች ካጂታኒ። «እስከ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሚስት ነበረችዎት።» ከዚያ «አለ» የሚለውን ራሷ ከበበች፤ ክቧ ቆንጆ ነበረች፣ የገጠመች።

ቴራሺማ ክቧን አየ። ያ ጥቅምት፣ ያ ኅዳር፣ ያ ታኅሣሥ በፊቱ አለፉ፤ ጠዋት ለፎቶዋ «እንደምን አደርሽ» እያለ በራሱ ያፈረባቸው ወራት። እንዳበደ ሰው ቆጥሮ ነበር ራሱን። ለካ መንግሥትም እንደ እሱ ነው የሚቆጥረው። ደስታ አይደለም የተሰማው፤ ግን ለወራት ትከሻው ላይ የተቀመጠ ነገር ወረደለት፤ ትንፋሹ እስከ ሆዱ ገባ።

ካጂታኒ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። የሂሳኮን ስም ጠየቀች፣ የልደት ቀኗን ጠየቀች። ቀጥሎ «ገቢ ነበራቸው?» አለች።

«ኡዶን ቤት ዕቃ ታጥብ ነበር። በጥር ተወችው። ድካም ነው ትለኝ ነበር፣ እኔም ድካም መሰለኝ። ያኔ ሐኪም ጋ ብወስዳት ኖሮ… እሷ ግን እምቢ ባይ ናት። የሐኪም ቤት ሽታ ትጠላለች። ከቤታችን በላይ ያለውን ሐኪም ደግሞ በመልኩ ነው የምትጠላው፤ ዳክዬ ይመስላል ትላለች።» እንዲህ ረዥም ንግግር ከተናገረ ስንት ጊዜው! ከኋላው የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ካጂታኒ ቀና ብላም አላየችው።

«እውነትም ዳክዬ ይመስላል?»

«ቁርጥ ዳክዬ።»

ፈገግ ብላ ጻፈች፤ ገቢ፣ ከተወሰነው መጠን በታች። ከዚያ ኮምፒውተሩ የጠየቀውን እንዳለ አነበበችለት። «አብረው ነው የሚኖሩት?»

«አዎ» አለ ቴራሺማ። «አብረን ነው የምንኖረው።»

የሆስፒታሉን ደረሰኞች ደመረች፣ የኢንሹራንሱን ጨመረች፣ የሚመለሰውን ገንዘብ ነገረችው። ኒሺዋኪ እንዳለው ደህና ገንዘብ ነው። ከአንድ ወር ግድም በኋላ ባንክ ይገባል። «እንዲያውም» አለች ካጂታኒ፣ «ለሚመለስ ገንዘብ እስከ አምስት ዓመት ጊዜ አለዎት። በዚህ ዝናብ ከነዚህ ሁሉ ጋር መጋፋት አልነበረብዎትም።»

«ጎረቤቴ ናት ያጣደፈችኝ።»

«ደግ ጎረቤት ናት።»

ቴራሺማ ኮፍያውን አነሳ፤ መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ለዘንድሮስ?»

«ለዘንድሮ ምን?»

«ያቺ መስመር። ለዘንድሮስ እንዴት ነው የምትሞላው?»

ካጂታኒ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትመልሰው ዓይነት ጥያቄ መሰላትና ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ መለሰች። «ለዘንድሮ ብቻዎን ነዎት።»

ካለች በኋላ ነው የሰማችው። እጇ ኪቦርዱ ላይ ቆመ።

ቴራሺማ «ገባኝ፤ አመሰግናለሁ» አለ። ሊነሳ ጠረጴዛውን ያዘ። አልተነሳም። ጉልበቱ እንዳይባል ደህና ነው፤ ግን ከዚህ ወንበር ከተነሳ ያለፈው ዓመት ያበቃል። እዚህ እስከተቀመጠ ድረስ ሚስት ያለው ሰው ነው፤ ስሟ ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ አብረን ነው የምንኖረው ብሏል፣ የሞተችበትን ወር ሕጉ ራሱ አልፎት ሄዷል። በሩን ከወጣ ግን ውጭ ያለው ዘንድሮ ነው። ዘንድሮ ከገባ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ እሱ ግን ገና አሁን መግባቱ ነበር፤ ብቻውን። ለቀብሩ፣ ለአርባ ዘጠነኛ ቀን መታሰቢያዋ፣ ለበዓሉ ያልመጣ ብቸኝነት እዚያ ወንበር ላይ መጣበት፤ ዓይኑን ኮፍያው ላይ ተከለ።

«ይቅርታ» አለ ቆይቶ። «አሁን እነሳለሁ። ሰው አስቆምኩ።»

«አይ፣ ይቀመጡ» አለች ካጂታኒ። «ወረቀትዎ ገና አልታተመም። ፕሪንተራችን ቀርፋፋ ነው።»

ቴራሺማ ቀና አለ። ፕሪንተሩ ከጀርባዋ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ድምፁን ካጠፋ ቆይቷል፤ ወረቀቶቹ ወጥተው፣ ተደራርበው፣ ጠርዛቸው እንኳ እኩል ሆኖ ተቀምጠዋል። ካጂታኒም ዞር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ወደ እሱ ተመልሳ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች፤ እንደሚጠብቅ ሰው።

ከኋላ ያለው ሰውዬ እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ። «ምንድን ነው የሚጠበቀው?» አለ።

«ፕሪንተሩ ነው» አለው ቴራሺማ ሳይዞር። «ቀርፋፋ ነው።»